የቀጥታ መስመር ሁለት ሕይወት፦ ያኒስ ክሴናኪስ በኪነ ሕንፃና በሙዚቃ መካከል

የሙዚቃ ድምፅና የሕንፃ ምጣኔ በአንድ የቁጥር ሕግ እንደሚተዳደሩ ከፒታጎረስ ዘመን አንሥቶ ሲነገር ኖሯል። የጥንቶቹ የግሪክ ሊቃውንት አንድ የተወጠረ ክር ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ በቀጭኑ ተደግሞ የሚሰማበት ደረጃ፣ ከፍ እንደሚል ደርሰውበት ነበር፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው አርክቴክት ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲም እነዚያኑ የክር ምጣኔዎች ለክፍል ወርድ፣ ርዝመትና ቁመት መለኪያ እንዲሆኑ በመጽሐፉ መክሯል። ይሁን እንጂ ዝምድናው ለብዙ ዘመን በሊቃውንት ዘንድ የሚደነቅ ተመሳሳይነት ሆኖ ቆየ፤ አንድ ሰው በአንድ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ እርሳስ፣ ግድግዳም ሙዚቃም የሚያወጣበት የሥራ ዘዴ ለመሆን አልበቃም ነበር። ይህን ዘዴ በ1950ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ያበጀው ግሪካዊው መሐንዲስ፣ አርክቴክትና የሙዚቃ ደራሲ ያኒስ ክሴናኪስ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ክሴናኪስ በ1922 ሩማንያ ውስጥ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው ብራይላ በተባለች የወደብ ከተማ፣ ከግሪካውያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ፣ እናቱ ደግሞ ፒያኖ የምትጫወት ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ልጁ ገና አምስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ስለ ሞተች፣ ልጅነቱ በሞግዚቶች እጅ፣ ከ1932 በኋላ ደግሞ ስፔትሴስ በተባለች የግሪክ ደሴት በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት አለፈ። በ1938 ወደ አቴንስ መጥቶ ለፖሊቴክኒክ ተቋሙ የመግቢያ ፈተና ሲዘጋጅ፣ ጎን ለጎን የሙዚቃ ትምህርት ይቀስም ጀመር፤ በ1940ም ፈተናውን አልፎ በሲቪል ምሕንድስና ክፍል ተመዘገበ።

ትምህርቱ ግን ከመጀመሩ ተቋረጠ። ከአምስት ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ላይ የዘመተውና በዚያን ጊዜም አዲስ አበባን እንደ ያዘ የነበረው የሙሶሊኒ ጦር ኦክቶበር 28 ቀን 1940 በግሪክ ላይ ዘመተ፤ ግሪኮች ጣሊያንን መልሰው ቢያባርሩም በሚቀጥለው ዓመት የጀርመን ጦር ገብቶ አገሪቱን ያዘ። ክሴናኪስ በወረራው ዓመታት በግራ ክንፉ ብሔራዊ የነፃነት ግንባር ውስጥ ገብቶ በሰላማዊ ሰልፎች ተካፈለ፣ ታሰረ፣ ተቋሙ በተከፈተ ቁጥርም ትምህርቱን ቀጠለ። በእነዚያ ሰልፎች የሰማው ድምፅ ለኋላ ሥራው የማይናቅ ምንጭ እንደ ሆነ እሱ ራሱ ደጋግሞ ጽፏል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አንድ መፈክር በአንድ ምት ሲያሰማ፣ መፈክሩ ከሰልፉ ራስ ተነሥቶ ወደ ጅራቱ ሲጓዝ፣ በመጨረሻም የጠላት መትረየስ ሲከፈትበት ያ የተስተካከለ ምት ተበታትኖ ጩኸትና ተኩስ ብቻ ሲሆን፣ አድማጩ የሚሰማው የአንድን ሰው ድምፅ ሳይሆን የብዙኃኑን ነው። እያንዳንዱ ጩኸት ሥርዓት የለውም፤ ጠቅላላው ድምፅ ግን ከሥርዓት ወደ ትርምስ የሚሸጋገርበት መንገድ የራሱ ሕግ አለው። ክሴናኪስ ይህን ሕግ በቁጥር ለመግለጽ የቻለው ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር።

ጀርመኖች በ1944 ለቀው ሲወጡ የእንግሊዝ ጦር ገባ፤ በዲሴምበርም ግራ ክንፉ የሽምቅ ጦር በአንድ ወገን፣ መንግሥቱና እንግሊዞች በሌላ ወገን ሆነው በአቴንስ ጎዳናዎች ተዋጉ። ክሴናኪስ የነበረበት የተማሪዎች ክፍል «ሎርድ ባይረን» የሚል ስም ነበረው፤ ለግሪክ ነፃነት ሲል በዚያው አገር በሞተው እንግሊዛዊ ባለቅኔ ስም የተጠራ ጦር ከእንግሊዞች ጋር መዋጋቱ የታሪክ ምፀት ነው። በጃንዋሪ 1945 መጀመሪያ ከእንግሊዝ ታንክ የተተኮሰ ጥይት ፍንጣሪ ፊቱን በግራ በኩል ሰባብሮ አንድ ዓይኑን አጠፋው። ከሞት ተርፎ በ1947 የምሕንድስና ዲፕሎማውን ቢያገኝም፣ የቀድሞ ታጋዮችን የማሳደድ ዘመቻ ስለ በረታ ተደብቆ ቆየ፤ በሐሰት ፓስፖርትም በጣሊያን በኩል አድርጎ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፓሪስ ደረሰ። ሐሳቡ ወደ አሜሪካ ለመሻገር ነበር። አገሩ በሌለበት የሞት ፍርድ ፈረደችበት፤ ፍርዱ በኋላ ወደ እስራት ቢለወጥም እስከ 1974 ድረስ የግሪክን ምድር አልረገጠም።

ወረቀት የሌለው ስደተኛ መሐንዲስ ሥራ ያገኘው በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር በነበረው አርክቴክት፣ በለ ኮርቡዚዬ ቢሮ ነው። በመጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የአርማታ ስሌት ነበር፤ በማርሴይ ለሚሠራው ግዙፍ የመኖሪያ ሕንፃ ወለሎቹና ምሰሶዎቹ የሚሸከሙትን ክብደት ያሰላ ነበር። የኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ሙያውን የተማረው እያሰላና ንድፍ እየነደፈ፣ ቆይቶም በናንት አጠገብ በሬዜ ለተሠራው የመኖሪያ ሕንፃና በሕንድ ለቻንዲጋር ከተማ ፕላን እየሠራ ነው። በዚያ ቢሮ ሁሉም ነገር የሚለካው «ሞዱሎር» በተባለው የለ ኮርቡዚዬ መለኪያ ነበር። ሞዱሎር ቁመቱ 1.83 ሜትር የሆነ፣ እጁን ሲያነሣ 2.26 ሜትር የሚደርስ ሰው አካልን መነሻ አድርጎ፣ እያንዳንዱ ልክ ከቀዳሚው ጋር በወርቃማው ምጣኔ፣ ማለትም በግምት አንድ ለ1.618 በሆነ ንጽጽር፣ የሚያያዝበት የቁጥር ሰንሰለት ነው። ክሴናኪስ ይህን ሰንሰለት ከቢሮው ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ።

ቀን አርማታ የሚያሰላው ሰው ማታ ማታ ሙዚቃ ይጽፍ ነበርና መምህር ፈለገ፤ የሄደባቸውም መምህራን ስምምነተ ድምፅን ከሥሩ እንዲማር ወይም እንዲተወው መከሩት። ኦሊቪዬ ሜሲያን ግን ሌላ ነገር ነገረው። ይህ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ያስተምር የነበረ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ፣ ሰውዬው ዕድሜው ወደ ሠላሳ እንደ ተጠጋ፣ ግሪካዊ፣ አርክቴክትና የሒሳብ ተማሪም እንደ ነበረ ከሰማ በኋላ፣ የትምህርት ቤቱን ሕግ ትቶ እነዚህኑ ያሉትን ሀብቶች በሙዚቃው ውስጥ እንዲያውላቸው መከረው። በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ አንድ መምህር ተማሪውን እንዳይማር በመምከር ይህን ያህል የጠቀመበት ጊዜ ጥቂት ነው። ክሴናኪስ ከ1951 ጀምሮ የሜሲያንን ክፍል በአድማጭነት ተከታተለ።

የምክሩ ፍሬ በ1953 እና 1954 የተጻፈው «ሜታስታሲስ» ነው። ሥራው ለ61 ተጫዋቾች የተደረሰ ሲሆን፣ ከእነሱ 46ቱ የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው፤ በተለመደው ኦርኬስትራ አንድ የቫዮሊን ጓድ በሙሉ አንድ ዓይነት ዜማ ሲጫወት፣ እዚህ ግን 46ቱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኖታ አላቸው። ሙዚቃው የሚጀምረው ሁሉም ክሮች በአንድ ድምፅ ላይ ሆነው ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች በየራሱ ፍጥነት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንሸራተታል። ይህ መንሸራተት በሙያው ቋንቋ «ግሊሳንዶ» ይባላል፤ የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን ከክሩ ሳያነሣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲጎትተው የሚሰማው ዓይነት ነው። ክሴናኪስ እነዚህን መንሸራተቶች በኖታ ከመጻፉ በፊት በግራፍ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ነደፋቸው፤ አግድሙ መስመር ጊዜን፣ ቁሙ ደግሞ የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት ያመለክታል፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ድርሻም ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚዘረጋ አንድ ቀጥታ መስመር ነው። መስመሮቹ በአንድነት ሲታዩ ግን፣ አንዳቸውም ሳይታጠፉ፣ የታጠፈና የተጠማዘዘ ገጽ ይሠራሉ። የክፍሎቹ ርዝመት በሞዱሎር ሰንሰለት ተወስኗል። ንድፉን ያየ ሰው የሕንፃ ፕላን ይሁን የሙዚቃ ድርሰት ለመለየት ይቸገራል፤ ይህም የሆነው ክሴናኪስ ሕንፃን በሙዚቃ ስለ መሰለ አይደለም፣ ጥያቄው በሁለቱም ዘንድ አንድ ስለ ነበረ ነው፦ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሳይቆራረጡ እንዴት ይሻገሩታል?

«ሜታስታሲስ» በኦክቶበር 1955 በጀርመን ዶናውኤሺንገን በሚካሄደው የዘመናዊ ሙዚቃ ፌስቲቫል ሃንስ ሮስባውድ በመራው ኦርኬስትራ ሲቀርብ በታዳሚው ዘንድ ጫጫታ አስነሣ። በዚያው ዓመት ክሴናኪስ በጊዜው ገናና የነበረውን «ሴሪያል» የተባለ ስልት፣ ማለትም አሥራ ሁለቱን ድምፆች ቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚደረድረውን አደራረስ፣ የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ። ነቀፌታው ቀላልና ጠንካራ ነበር። ደራሲው በወረቀት ላይ እያንዳንዱን ድምፅ በጥብቅ ሰንሰለት ቢያስርም፣ መስመሮቹ ከበዙ ጆሮ ሰንሰለቱን ሊከተል ስለማይችል የሚሰማው ያልታሰበ ብዛት ብቻ ነው፤ የሚሰማው ብዛት ከሆነ ደግሞ ብዛቱን በቀጥታ በብዛት ሕግ መግዛት ይሻላል። የብዛት ሕግ የሚባለው የዕድል ስሌት ነው። የጋዝ ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ባይቻልም፣ በተወሰነ ሙቀት ምን ያህሉ በምን ፍጥነት እንደሚጓዙ በማክስዌልና በቦልትስማን ቀመር ሊሰላ ይችላል፤ ክሴናኪስም በ1956 ባጠናቀቀው «ፒቶፕራክታ» ውስጥ የክሮቹን መንሸራተት በዚሁ ቀመር ደለደለው። ይህን ስልት «ስቶካስቲክ» ሙዚቃ ብሎ ጠራው። የአቴንሱ ሰልፍ ቀመሩን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ቢሮው ሌላ ታላቅ ሥራ ይዞ ነበር። የዶሚኒካውያን መነኮሳት ማኅበር በሊዮን አካባቢ በኤቩ መንደር «ላ ቱሬት» የተባለውን ገዳም እንዲሠራላቸው በ1953 ለ ኮርቡዚዬን ጠይቀውት ነበርና፣ እሱ የዕለት ተዕለቱን የንድፍ ሥራ ለክሴናኪስ ሰጠው። ገዳሙ በ1960 ሲመረቅ ጎብኚዎችን እጅግ ያስደነቀው የመተላለፊያዎቹና የመመገቢያ አዳራሹ የመስተዋት ግድግዳ ነበር። መስተዋቱን የሚይዙት ቀጫጭን የአርማታ ቋሚዎች በእኩል ርቀት አልቆሙም፤ አንድ ቦታ ይጠጋጋሉ፣ ሌላ ቦታ ይራራቃሉ፣ መጠጋጋቱና መራራቁም በሞዱሎር ልኮች እየተቀያየረ ይሄዳል። በመተላለፊያው የሚራመድ መነኩሴ በእርምጃው የብርሃኑና የጥላው ምት ሲፈጥንና ሲዘገይ ያየዋል። ለ ኮርቡዚዬ እነዚህን መስተዋቶች መጀመሪያ ላይ «ሙዚቃዊ» ብሎ የጠራቸው ሲሆን፣ በ1955 ባሳተመው የሞዱሎር ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥም ለረዳቱና ለ«ሜታስታሲስ» ቦታ ሰጥቷል። ያ ቸርነት ግን ብዙ አልቆየም።

በ1956 መጀመሪያ የኔዘርላንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ኩባንያ ፊሊፕስ፣ በ1958 በብራስልስ ለሚካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የራሱን ፓቪሊዮን፣ ማለትም ለኤግዚቢሽኑ ጊዜ ብቻ የሚቆም የማሳያ ሕንፃ፣ እንዲሠራለት የኪነ ጥበብ ኃላፊውን ሉዊ ካልፍን ወደ ለ ኮርቡዚዬ ላከ። ለ ኮርቡዚዬ ሕንፃ ብቻ መሥራት አልፈለገም፤ ብርሃን፣ ምስል፣ ቀለምና ድምፅ አንድ ላይ የሚፈስሱበት «የኤሌክትሮኒክ ግጥም» እንደሚያዘጋጅና ሕንፃውም የዚህ ግጥም ጠርሙስ እንደሚሆን ነገራቸው። ሙዚቃውን በአሜሪካ ይኖር የነበረው ሽማግሌው ፈረንሳዊ ኤድጋር ቫሬዝ እንዲደርስ ወሰነ፤ ኩባንያው ሌላ ስመ ጥር ደራሲ ፈልጎ ቢያጉረመርምም ለ ኮርቡዚዬ አልበገር አለ። ከዚያ ተመልካቹ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት፣ ጨጓራ የመሰለ የወለል ፕላን ነድፎ ለክሴናኪስ ሰጠውና እሱ ወደ ቻንዲጋር ሄደ።

የወለሉ ንድፍ እንጂ ግድግዳና ጣሪያው ገና አልነበረም። ክሴናኪስ ለዚህ ክፍት ጥያቄ መልስ የፈለገው በ«ሜታስታሲስ» ግራፍ ውስጥ ነው። በሒሳብ «ሃይፐርቦሊክ ፓራቦሎይድ» የሚባል ገጽ አለ፤ ሁለት ቀጥታ ዘንጎች አንዱ ወደ አንድ ወገን፣ ሌላው ወደ ሌላ ወገን አዘንብለው ቢቆሙና በመካከላቸው ቀጥታ ክሮች በእኩል ርቀት ቢወጠሩ፣ ክሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ሆነው ሳለ በአንድነት የሚሠሩት ገጽ የተጠማዘዘ ይሆናል። የክር መሣሪያዎቹ መንሸራተት በወረቀት ላይ ያሳየው ገጽ ይኸው ነበር። በዚህ ዘዴ ግድግዳና ጣሪያ የሚለዩበት ጠርዝ ይጠፋል፤ ግድግዳው ሳይቋረጥ ዘንበል እያለ ጣሪያ ይሆናል። ክሴናኪስ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ገጾችን አጋጥሞ ሦስት ሹል ጫፎች ያሉት፣ ከፍተኛው ከ20 ሜትር በላይ የሚደርስ ቅርጽ አወጣ፤ መጀመሪያ ሞዴሉን የሠራውም በሽቦና በክር ነው።

ቅርጹን በወረቀት ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ በአርማታ ማቆም ሌላ። የተጠማዘዘ አርማታ በተለመደው መንገድ እንዲሞላ እጅግ ውድና አስቸጋሪ የእንጨት ካሳፎርማ ይጠይቃል፤ በርካታ ተቋራጮችም ሥራውን ሸሹት። የተቀበለው ስትራቤድ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ መሐንዲሱ ሆይተ ዳውስተር ገጾቹን ወደ 2,000 በሚጠጉ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ውፍረት ባላቸው ቁርጥራጮች እንዲከፋፈሉ አደረገ። ቁርጥራጮቹ መሬት ላይ በተዘጋጀ የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እየተሞሉ ከደረቁ በኋላ ተነሥተው በቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በውስጥና በውጭ በቀጥታ መስመሮቹ አቅጣጫ የተዘረጉ የብረት ገመዶች ተወጥረው ሁሉንም አጥብቀው ይይዟቸዋል። ጥንካሬው በኔዘርላንድ ቤተ ሙከራዎች በትንንሽ ሞዴሎች ተፈትኗል። ሕንፃውን ያቆመው እንግዲህ ክብደት አልነበረም፣ ውጥረት ነበር። ይህን የሚያውቅ መሐንዲስ በውስጡ ያለውን የክር መሣሪያ አስተሳሰብ ለማየት ሙዚቀኛ መሆን አያሻውም።

ኤግዚቢሽኑ በኤፕሪል 1958 ተከፈተ። በአንድ ጊዜ ወደ 500 የሚጠጋ ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ለስምንት ደቂቃ ያህል ቆሞ የቫሬዝን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይሰማ ነበር፤ ድምፁ በግድግዳዎቹ ላይ በተተከሉ ከ300 በላይ ድምፅ ማጉያዎች አንዱን ትቶ ወደ ሌላው እየተዛወረ በሰው ራስ ላይ ይጓዛል፣ ለ ኮርቡዚዬ የመረጣቸው ምስሎችም በተጠማዘዘው ገጽ ላይ ይታያሉ። አንዱ ቡድን ወጥቶ ሌላው ሲገባ ደግሞ ክሴናኪስ ራሱ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በታች የሆነ «ኮንክሬ ፒኤች» የተባለ አጭር ሥራ ይሰማል። የዚህ ሥራ ጥሬ ዕቃ የሚነድ ከሰል ድምፅ ብቻ ነው፤ ቅንጥብጣቢው ፍንጥቅታ በቴፕ እየተቆረጠና እየተደራረበ በአእላፍ ቅንጣት የተሞላ አየር ይፈጥራል። የቫሬዝ የስምንት ደቂቃ ሥራ የበለጠ ዝና ቢያገኝም፣ ለሕንፃው ቅርጽ ይበልጥ የቀረበው የከሰሉ ሙዚቃ ነው ማለት ይቻላል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያየው ፓቪሊዮን በጃንዋሪ 1959 መጨረሻ በፈንጂ ፈረሰ።

የሕንፃው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጠብ የተነሣው ገና ሥራው ሳያልቅ ነበር። ለ ኮርቡዚዬ በመጀመሪያ በስሙ ብቻ እንዲጠራ ፈለገ፤ ክሴናኪስም ቅርጹ የእሱ መሆኑን ገልጾ በግልጽ ተከራከረ። በመጨረሻ ከለ ኮርቡዚዬ ስም ጎን «ተባባሪ ክሴናኪስ» የሚል እንዲጻፍ ተስማሙ። ማስረጃውን ለሚመረምር ሰው ግን ቃሉ አነስተኛ ነው፤ ጽንሰ ሐሳቡና የወለሉ ንድፍ የለ ኮርቡዚዬ ቢሆኑም፣ ዓለም የሚያስታውሰው የሕንፃው አካል በሙሉ የክሴናኪስ ነው። በ1959 የበጋ ዕረፍቱን ጨርሶ ሲመለስ የቢሮው ቁልፍ ተቀይሮ ጠበቀው። ያ የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ በዚህ አበቃ።

ከዚህ በኋላ ኑሮው በሙዚቃ ላይ ተመሠረተ። በ1962 አይቢኤም በፓሪስ በነበረው 7090 በተባለ ኮምፒውተር የዕድል ስሌቱን አሠርቶ ያገኘውን ውጤት በሙዚቀኞች አሰማ፤ በዓመቱም የሙዚቃ ንድፈ ሐሳቡን የያዘውን ዋና መጽሐፉን አሳተመ። ኪነ ሕንፃ ግን አልለቀቀውም፤ በኮንሰርት አዳራሹም ውስጥ ተከተለው። በ1966 ሩዋያን ላይ በቀረበው «ቴሬቴክቶር» 88ቱ ሙዚቀኞች ከመድረክ ወርደው በታዳሚው መካከል ተበታትነው ተቀመጡ፤ ድምፅ በአድማጩ ዙሪያ እንዲሽከረከር የተደረገው ያለ አንድ ድምፅ ማጉያ ነው። በዚሁ ወቅት በአሞርጎስ ደሴት ለፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንሷ ቤርናር ማሽ የዕረፍት ቤት ነደፈለት፤ ሊገባባት ባልተፈቀደለት አገሩ ላይ ለሌላ ሰው ቤት ማቀዱ ነበር። በ1965 ያወጣው የ«ኮስሞስ ከተማ» እቅድ ደግሞ እስከ 5,000 ሜትር የሚደርሱ ግንቦች ውስጥ ሕዝብን በሙሉ ወደ ሰማይ የሚያከማች ነበር። በዚህ እቅድ ውስጥ መሐንዲሱ አለ፣ ነዋሪው ግን የለም፤ ብዛትን በሕግ መግዛት በሙዚቃ የሠራለትን ያህል በሰው ኑሮ ላይ እንደማይሠራ አላሰበበትም።

የፓቪሊዮኑን ትምህርት እስከ ጫፍ ያደረሰው «ፖሊቶፕ» ብሎ በጠራቸው ሥራዎች ነው። ፖሊቶፕ ማለት ሙዚቃ፣ ብርሃንና ስፍራ በአንድ ደራሲ እጅ፣ በአንድ የሒሳብ አስተሳሰብ የሚቀናጁበት ትርኢት ነው። የመጀመሪያው በ1967 በሞንትሪያል የዓለም ኤግዚቢሽን በፈረንሳይ ፓቪሊዮን ውስጥ ቀረበ፤ በሕንፃው ባዶ እምብርት የብረት ገመዶች የተጠማዘዙ ገጾች ሆነው ተዘረጉ፣ በገመዶቹም ላይ 1,200 ያህል መብራቶች በሰከንድ ክፍልፋይ ይበሩና ይጠፉ ነበር። ቀጥታው መስመር በመጀመሪያ የቫዮሊን መንሸራተት፣ ቀጥሎ የአርማታ ግድግዳ፣ አሁን ደግሞ የብርሃን መንገድ ሆነ። በ1971 በኢራን የሺራዝ ፌስቲቫል ጋባዥነት «ፐርሴፖሊስ»ን በጥንታዊቷ ከተማ ፍርስራሽ መካከል በሌሊት አቀረበ፤ ችቦ የያዙ ልጆች በኮረብታዎቹ ላይ ሲወርዱ የሌዘር ጨረር በመቃብሮቹ ላይ ይተላለፍ ነበር። የትናንቱ የግራ ታጋይ በኢራን ንጉሥ በሻሁ ቤተሰብ ደጋፊነት ለሚካሄድ ፌስቲቫል መሥራቱ ሳያስወቅሰው አልቀረም፤ ቆይቶም በአገሪቱ ያለውን የፖሊስ ጭቆና ጠቅሶ ወደዚያ ላለመመለስ ወሰነ። ከ1972 እስከ 1974 በፓሪስ በሮማውያን የክሉኒ መታጠቢያ ቤት ቅጥር ውስጥ የቀረበው ፖሊቶፕ በ600 ያህል ብልጭታዎችና በሌዘር የተሠራ ሲሆን፣ ከ100,000 በላይ ሰው፣ አብዛኛውም ወጣት፣ ወለል ላይ ተጋድሞ አይቶታል።

በ1974 የግሪክ ወታደራዊ መንግሥት ሲወድቅ ክሴናኪስ ከሃያ ሰባት ዓመት ስደት በኋላ ወደ አገሩ ገባ። እሱ ያቋቋመው የምርምር ማዕከል «ዩፒክ» የተባለውን መሣሪያ በ1977 ሠርቶ ጨረሰ፤ ይህም የአርክቴክት የንድፍ ጠረጴዛ የሚመስል ሰሌዳ ሲሆን፣ ተጠቃሚው በኤሌክትሮ ማግኔት ብዕር የሚስለውን መስመር ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። በ«ሜታስታሲስ» ጊዜ በእጅ የተሠራው ልወጣ ማሽን አገኘ ማለት ነው፤ ኖታ የማያውቁ ልጆችም ሳይቀሩ ሞክረውታል። ለዩፒክ የደረሰው የመጀመሪያ ሥራ በ1978 በጥንታዊቷ ሚኬኔ በተካሄደው ፖሊቶፕ ተሰማ፤ በዚያ ሌሊት የፀረ አውሮፕላን መፈለጊያ መብራቶች ሰማዩን ሲያቋርጡ፣ ደወልና መብራት የታሰረላቸው የፍየል መንጋዎች በተራራው ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። ለጦርነት የተሠራ መብራት በጦርነት ቆስሎ በተሰደደ ሰው እጅ ለትርኢት መዋሉን ግሪካውያን ታዳሚዎች ሳያስተውሉት አልቀሩም።

በዚያው 1978 በፓሪስ በፖምፒዱ ማዕከል ፊት ለፊት የቆመው «ዲያቶፕ» ከሥራዎቹ ሁሉ ምሉዕ የሆነው ነው፤ ምክንያቱም ሕንፃውን፣ ብርሃኑንና ሙዚቃውን ሦስቱንም ብቻውን ሠርቷቸዋል። ቅርጹ እንደ ብራስልሱ በሃይፐርቦሊክ ፓራቦሎይድ የተዋቀረ ሲሆን፣ በአርማታ ምትክ በብረት አጽም ላይ የተወጠረ ቀይ ሸራ ለበሰ፤ በውስጡ ከ1,600 በላይ ብልጭታዎች፣ አራት ሌዘሮችና 400 ያህል መስተዋቶች ነበሩ። 45 ደቂቃ አካባቢ የሚፈጀው ሙዚቃ የተሰየመው፣ በጦር ሜዳ ሞቶ ተመልሶ ያየውን በተናገረው በፕላቶን መጽሐፍ ባለው ወታደር በኤር ነው። ዲያቶፕ በሚቀጥለው ዓመት በቦን ከታየ በኋላ ተነሣ፤ ዳግመኛም አልቆመም። ክሴናኪስ በ1984 ከባልደረባው ከዣን ሉዊ ቬሬ ጋር ለፓሪስ የሙዚቃ ከተማ ውድድር ፕላን ቢያቀርብም አላሸነፈም፤ ከዚያ ወዲያ ትልቅ ሕንፃ የመሥራት ዕድል አላገኘም።

በ1997 የጃፓን ኪዮቶ ሽልማትን፣ በ1999 ደግሞ የስዊድን ፖላር የሙዚቃ ሽልማትን ተቀበለ፤ የመጨረሻ ሥራውንም በ1997 በግሪክ ፊደል መጨረሻ «ኦሜጋ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2001 ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። ከሠራቸው ሕንፃዎች የብራስልሱ ፈርሷል፣ የፓሪሱ ተነሥቷል፤ የላ ቱሬት ገዳም ግን እስካሁን ቆሟል፣ በ2016ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መዝገቡ የሚለው «የለ ኮርቡዚዬ የኪነ ሕንፃ ሥራ» ነው፤ የመስተዋቶቹን ምት ያወጣው ሰው ስም በርዕሱ ላይ አልተጻፈም።